የህልመኛው ሚስት

«ዓርብ አልህ፣ ዓርብ አለፈ። እሑድ አልህ፣ እሑድም ሄደ። አሁን ደግሞ ረቡዕ ትለኛለህ?»

«ልጡ ረቡዕ ይገባል አልሁሽ እኮ፣ ዘሊካ።»

«ስለ ልጥ ማን ጠየቀህ? እኔ የጠየቅሁህ ስለ ክፍሉ ነው!»

«የክፍሉ ነገርና የልጡ ነገር አንድ ነው።»

ዘሊካ የውስጠኛውን ክፍል በር በክርኗ ገፋችው። በሩ ስንዝር ያህል ተከፍቶ ቆመ። ከውስጥ እስከ ጣራው የተከመረው የደንገል እስር ይዞት ነበር። በክፍተቱ የደረቀ ሣርና የሐይቅ ሽታ ወጣ።

«እየው» አለችው ባሏን። «ሐፍሳ የት ላይ ነው የምትተኛው? እዚያ ላይ ወጥታ? ያን ሆድ ተሸክማ?»

ቡርሀን አየ። በደንብ አየ፤ ዓይኑ ግን የሚፈትሸው የሐፍሳን መኝታ ሳይሆን የደንገሉን ጫፍ ነበር። እጁን በክፍተቱ አስገብቶ አንዱን ዘንግ በጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣ «አልሻገተም፣ አልሃምዱሊላህ» አለ።

ጭቅጭቁ ከተጀመረ አሥረኛ ቀኑ ነበር። ቡርሀን በባሕር ዳር የሐይቅ ዳርቻ ከቀሩት ጥቂት ታንኳ ሠሪዎች አንዱ ነው። በጥቅምት መጨረሻ የታንኳ መሥሪያውን ሣር፣ ደንገሉን፣ አጭዶ ለፀሐይ አስጥቶት ሳለ ያልታሰበ ዝናብ መጣ። የረጠበ ደንገል ሳምንት ሳይሞላው ይበሰብሳልና፣ ሁሉንም በትከሻው አመላልሶ ልጃቸው ሐፍሳ ሳታገባ ትተኛበት በነበረው ክፍል ከተተው። አልጋዋ ተፈታቶ ግቢ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ግድግዳ ተደገፈ። ለሦስት ቀን ነው የተባለው።

ሐፍሳ ለአሳ አጥማጁ ለአብዱልከሪም የተዳረችው ሐይቁን ተሻግሮ ቁንዝላ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ሁለት ሳምንት ቢቀራት ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ዘሊካ ራሷ በእናቷ ቤት ወልዳለች፣ እናቷም እንዲሁ። የአማት ቤት ለአራስ እንግድነት ነው፤ ውሃ አምጡልኝ ማለት እንኳ ያሳፍራል። ከሁሉም በላይ ሐኪሙ ያለው ባሕር ዳር ነው። የየብሱ መንገድ አንድ ሰሞን ተከፍቶ አንድ ሰሞን ስለሚዘጋ፣ የሚታመነው በየሐሙሱ ዕቃና ሰው ጭኖ የሚመላለሰው የሞተር ጀልባ ነበር። ሐፍሳም በዚህ ሐሙስ በእሱ ልትመጣ ተቆርጧል።

«ናይሎን ገመድ በየሱቁ በር ላይ ተሰቅሏል» አለች ዘሊካ። «ዛሬ አምጥተህ ዛሬ ብታስር፣ ነገ ክፍሉ ባዶ ነበር። ሰው ሁሉ በናይሎን አይደለም እንዴ የሚያስረው?»

«የሰው ሁሉ ታንኳ ወር አይሞላውም። ደንገል ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ የዛፍ ልጥ አብሮት ይለጠጣል፣ ናይሎን ግን ይቆርጠዋል። አባቴ…»

«አባትህ ልጡን ከደጁ ነበር የሚልጠው! አንተ የዘጌው ገብረ መስቀል ልጥ እስኪያመጣልህ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።»

«ሰውየው ቃል ገብቷል።»

«አንተስ ለእኔ አልገባህም?»

ቡርሀን ኮፍያውን አውልቆ አራገፈና መልሶ አደረገው፤ ከዚያ ሐይቁን ለማየት ወጣ።

በሰፈሩ ህልመኛው ይሉታል። ስሙ የወጣለት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ክረምት ወጥቶ ሐይቁ ሲሸሽ የሚለቀውን እርጥብ መሬት፣ ባህር ሸሹን፣ ገበሬዎች ሽምብራና ሽንኩርት ያደርጉበታል፤ ቡርሀን ደንገል ተከለበት። ደንገል የሚታጨድ እንጂ የሚተከል መሆኑን ማንም ሰምቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ዓመት ከብት በላው። በሁለተኛው ገበሬዎቹ አርሰው ገለበጡት። በሦስተኛው እምቦጭ ከማዕበሉ ጋር መጥቶ ተኛበት፤ ቡርሀን እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ወር ሙሉ በእጁ ነቀለ። በአራተኛው በቀለ። አሁን ክፍሉን የሞላው ያ ደንገል ነው።

ሰዎቹ ቃሉን የሚሉት በክፋት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት «ህልመኛው ወጣ?» ይባባላሉ፣ ሰዓት እንደመጠየቅ። ቤቱን ለጠየቀ እንግዳ «የህልመኛው ቤት ያውና» ብለው ያሳያሉ። ቃሉ ቀስ በቀስ ከቡርሀን ወደ ቤቱ፣ ከቤቱም ወደ እሷ ተሻገረ። ዘሊካ በጀልባ ማቆሚያው አጠገብ፣ በአንዲት የሲሚንቶ መደብ ላይ፣ ለምግብ ቤቶች አሳ ስትፍቅና ስትሰነጥቅ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። በስሟ የሚጠሯት ሴቶች አንዳንዶቹ ሞቱ፣ አንዳንዶቹ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። አዲስ የመጣው አስተናጋጅ ሁሉ አሁን የሚያውቃት የህልመኛው ሚስት ብሎ ነው። እሷ ግን በዕድሜዋ ሙሉ አልማ አታውቅም፤ በእሷ ቢላዋ ካልሆነ በዚያ ቤት እሳት እንደማይነድ የሚያውቁትም እነዚያው ሰዎች ነበሩ።

የዚያኑ ዕለት፣ ሰኞ፣ ረፋዱ ላይ ቆሮሶ አሳ ስትፍቅ መምህር ዳኘው ስልክ እያወራ መጣ። ዳኘው ሹም አቦ ሰፈር የሚኖር የኮሌጅ አስተማሪ ነው፤ ለሥራ ከሸዋ መጥቶ አሥራ አምስት ዓመቱ። የተተከለውን ደንገል ወሬ ከሰማ ጀምሮ ቡርሀንን ይወደዋል። ለዚህ ሐሙስ እሱና ጥቂት የቢሮ ሰዎች አንድ ዝግጅት አሰናድተው ነበር፤ ቡርሀን በገዛ እጁ በተከለው ደንገል ትልቅ ታንኳ በሰው ፊት ሊያስር።

«አዎ፣ አዎ፣ ሰውየው ሃሳባዊ ነው» ይል ነበር በስልኩ። «ለእኛ ግን የሚያስፈልገን እንደዚህ ያለ ነው።» ስልኩን ዘጋና ሰላም አላት። «እትዬ ዘሊካ፣ እንዴት አደሩ? ጋሽ ቡርሀንስ?»

«ደህና አደርን። መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ይጠይቁኝ።»

«ሃሳባዊ ማለት ምን ማለት ነው?»

ዳኘው ስልኩን አየ፣ እሷን አየ። «ሰሙኝ እንዴ? ለክፉ እኮ አይደለም።»

«ለክፉ ነው አላልሁም። ምን ማለት ነው?»

«እንግዲህ… ያለውን ሳይሆን ሊኖር የሚገባውን የሚያይ ሰው ማለት ነው። በደርግ ጊዜ ተማሪ ሳለን እንደ ጥፋት ነበር የሚያስተምሩን። የውይይት ክበብ ላይ ሃሳባዊ ከተባልህ አለቀልህ፣ ቁጭ ነው የምትለው። አሁን ግን ሙገሳም ይሆናል። እንደ ተናጋሪው ነው።»

«እኛ ሰፈር ህልመኛ ነው የሚሉት።»

«እሱ ትንሽ ከበድ ይላል።»

«በምን ይለያያሉ?»

ዳኘው ጥያቄውን ክፍል ውስጥ እንደተነሳ ያህል አሰበበት። «ህልመኛ የማይሆን ነገር የሚመኝ ነው። ሃሳባዊ ደግሞ… እሱም የማይሆን ነገር ይመኛል። ግን በመርህ ነው» አለና ራሱ ሳቀ።

ዘሊካ አልሳቀችም። ቆሮሶውን ገልብጣ በሌላ ጎኑ መፋቅ ጀመረች። «ሚስትዎ እርስዎን ሃሳባዊ ይሉዎታል?»

«እኔን? እኔን ሰነፍ ነው የምትለኝ።»

«እሳቸው አብረውዎት ነው የሚኖሩት» አለች ዘሊካ። ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጣ የክፍሉን ነገር ነገረችው። ቡርሀን እርሱን እንደሚሰማው፣ በናይሎን እሰር ቢለው ዛሬውኑ እንደሚያስር፣ ሐፍሳ ሐሙስ እንደምትመጣ።

ዳኘው በሚገባ ሰማት። ራሱን ነቀነቀ። ደግሞም አዘነ። «ችግሩ ምን መሰለዎት፣ ሰዎቹ የሚመጡት እንደ ጥንቱ ሲሠራ ለማየት ነው። ናይሎን ፎቶ ላይ ይታያል። ልጡ ረቡዕ ከመጣ ሁሉም ሐሙስ ጠዋት ይወጣል፤ ልጅዎ ከዚያ በኋላ ትገባለች።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ ዝግጅቱን ለሳምንት ማዛወር ነው።»

ዘሊካ ቢላዋውን አነሳች። እሱም ትንሽ ቆሞ፣ ለቤቱ ሁለት አሳ አሠርቶ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት የቡርሀን እህት ሰሊማ ከፋሲሎ ሰፈር መጣች። ሐፍሳን እንዳትወስዳት እሷ ራሷ ከአራት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷን ግን ይዛ መጣች። ቡርሀን ገብረ መስቀልን ፍለጋ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ሲወርድ ሁለቱ ሴቶች ደንገሉን ወደ ግቢ ማውጣት ጀመሩ። ሰሊማ አንዱን እስር አቅፋ ስትወጣ ሣሩ አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶ አስነጠሳት።

«ወንድሜን ከልጅነቱ ነው የማውቀው፣ ወላሂ» አለች። «አባቴ አሳ ሊያጠምድ ይዞት ሲወጣ ትንሹን አሳ መልሶ ይለቀው ነበር። ነገ ትልቅ ሆኖ ይመጣልናል እያለ። ይኸው አምሳ ዓመት፣ አልመጣም!»

ዘሊካ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ሳቀች። ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። እኩለ ቀን ላይ የክፍሉ ግማሽ ተለቀቀ። ዘሊካ ወለሉን ጠረገች፣ አልጋውን ገጣጠመች፣ ፍራሹን ዘረጋች፤ በላዩም ለሐፍሳ ያስቀመጠችውን አዲስ አንሶላ አነጠፈች። ሰሊማን ሸኝታ ወደ አሳው ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከሐይቁ በኩል ደመና መጣ። ዝናቡ ብዙ አልነበረም፤ ሩብ ሰዓት ቢዘንብ ነው። ዘሊካ እጇን ታጥባ ወደ ቤት ስትመለስ ግን ግቢው ውስጥ አንድም የደንገል እስር አልነበረም። የውስጠኛውን በር ገፋችው። ስንዝር ያህል ተከፍቶ ቆመ።

አልጋው እንደገና ተፈታቶ ግድግዳውን ተደግፏል። ፍራሹ በላስቲክ ተጠቅልሏል። አንሶላው ታጥፎ፣ አቧራ እንዳይነካው በፌስታል ገብቶ፣ በሳጥን ላይ ተቀምጧል። ቡርሀን በረንዳው ላይ እርጥብ ሸሚዙን አውልቆ ተቀምጦ ነበር፤ ትከሻው ደንገል በተሸከመበት በኩል ቀልቷል።

«አንድም አልረጠበብኝ» አላት። «ደረስሁበት።»

ዘሊካ በሩ ሥር ቁጭ አለች።

«ገብረ መስቀልስ?»

«ስልኩን አያነሳም። ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

«ቡርሀን፣ ሐሙስ ከነገ ወዲያ ነው።»

«አውቃለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ? ይህ ደንገል ከታሰረ፣ ሰው ካየው፣ ሌላውም ይተክላል። አሁን የሚያጭድ እንጂ የሚተክል የለም፤ አሥር ዓመት ከቆየን ደንገልም የለም፣ ታንኳም የለም። የሐፍሳ ልጅ ታንኳ ምን እንደሆነ አያውቅም።»

«የሐፍሳ ልጅ መጀመሪያ ይወለድ።»

«ይወለዳል እንጂ!» አለ በፍጹም ልቡ።

ክፋት እንደሌለበት ታውቃለች። ሰካራም ቢሆን፣ ወይም እጁን ቢያነሳባት፣ ሽማግሌ ፊት አቅርባ የምትናገረው ነበራት። ባሌ ደንገል እንዳይረጥብበት ሮጠ ተብሎ ማን ይከሰሳል? እሱን ማሸነፍ እንደማትችል ያወቀችው ለዚህ ነበር።

ግቢው ጥግ ድረስ ሄዳ ለሐፍሳ ደወለች። ሐፍሳ እናቷ ገና ሰላምታ ሳትጨርስ ተረዳቻት።

«አልወጣም አይደል?»

«ረቡዕ ይወጣል ይላል።»

«እማ፣ አማቴ ዛሬ ወስኚ አለችኝ። የምትሄጂ ከሆነ አብሮሽ የሚሄድ ሰው ልፈልግ፣ የማትሄጂ ከሆነ አዋላጇን ልንገራት አለች። አብዱልከሪም መረብ ላይ ነው፣ እስከ ዓርብ አይመለስም። እዚያ መጥቼ ከቤት ቤት ከምንከራተት እዚሁ ልውለድ።»

ዘሊካ የምትለውን ፈለገች። ረቡዕ ቢወጣስ? ግን ሦስት ቀን የተባለው አሥራ አንድ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ጣራው፣ ከዚያ በፊትም ጉድጓዱ በሰጠው ቀን አላለቁም። ልጇን በዚያ ሆድ ጀልባ ላይ አሳፍራ፣ አምጥታ በር ላይ ልታቆማት አልደፈረችም።

«አትምጪ በቃ» አለቻት። «እኔ እመጣልሻለሁ።»

«አማቴ ቤት? እማ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

ወደ በረንዳው ተመልሳ ለቡርሀን ነገረችው። «ሐፍሳን አትምጪ ብያታለሁ። ሐሙስ እኔ እሄዳለሁ።» እሱ ሸሚዙን እየጨመቀ፣ «ረቡዕ ልጡ ይገባል፣ አታስቢ» አላት።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ልጡ ገባ። ገብረ መስቀል ራሱ ታሞ ስለነበር በሌላ ሰው እጅ ልኮት ነው፤ ሁለት ትልልቅ ጥቅል፣ ገና እርጥብ፣ ጥሩ ልጥ። ቡርሀን በደስታ እጁን አጨበጨበ። ዘሊካ ልጡን እንዳየች ሐፍሳን ነይ ልትላት ስልኳን አንስታ ወደ ቁንዝላ ደወለች። አልገባም። ደግማ ደወለች። እስከ መግሪብ ድረስ ደጋግማ ሞከረች፤ የቁንዝላ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ጀልባው ከዚያ የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ደንገሉ በሙሉ ወጣ። ቡርሀን ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ተጋግዞ ወደ ዳርቻው አወረደው፤ ከዚያ ብቻውን ተመልሶ መጣ። ዘሊካ ማድጋው አጠገብ ዕቃ ስታጥብ ከክፍሉ የመዶሻ ድምፅ ሰማች። ሄዳ ስታይ አልጋውን ገጣጥሞታል፣ ፍራሹን ዘርግቶታል፤ አንሶላውን እንደነገሩ አንጥፎ እጥፋቱን በመዳፉ እያቃና ነበር።

«ይኸው» አላት። «ለሐሙስ ይደርሳል አላልሁሽም? ቃሌ ቃል ነው።»

ክፍሉ ሰፊ ይመስል ነበር። ዘሊካ ሐፍሳ አትመጣም አላልሁህም ወይ ልትለው ነበር፤ ነግራዋለች። በዚያ ሰዓት ግን እሱ ሊሰማ አይችልም ነበር። እሱ ልብሱን ለውጦ፣ ንጹሕ ኮፍያ አድርጎ ሲወጣ፣ እሷ አንሶላውን ደግማ አነጠፈችው።

አራት ሰዓት ላይ ዳርቻው በሰው ሞልቶ ነበር። የቢሮ ሰዎች፣ ተማሪዎች፣ ካሜራ የያዙ ሰዎች። ለስሙ ያህል ድንኳን ተተክሏል። ቡርሀን መሬት ላይ ተንበርክኮ የመጀመሪያዎቹን እስሮች ጎን ለጎን አጋድሞ ልጡን በጥርሱ እየወጠረ ያስራል። ትናንት ህልመኛው ወጣ ይሉ የነበሩት ሰዎች ዛሬ ከፊት ቆመው ለእንግዶቹ ያስረዱ ነበር፤ ከብቱን፣ እርሻውን፣ እምቦጩን፣ ሁሉንም አብረው እንዳሳለፉት አድርገው። ዳኘው ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ «አባታችን ቡርሀን ባለ ራእይ ናቸው» አለ፤ ተጨበጨበ። ዘሊካ ከሰዉ ጀርባ ሆና ሰማችው። ቃሉን ታውቀዋለች፤ በዚህ ሰፈር ለማንም ሲባል ግን ሰምታ አታውቅም። ሰውየው ያው ነው፣ ደንገሉም ያው ነው፤ የበቀለ ለታ ስሙ ተለወጠ። የእሷ ምን ይባል እንደሆነ ማንም አላነሳውም።

የቁንዝላው ጀልባ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ጤፍ፣ ዶሮ፣ አሥር የሚሆን ሰው አወረደ። ቡርሀን ቀና ብሎ ወራጆቹን አንድ በአንድ አየ። ልጡን እንደያዘ ተነስቶ ወደ ዘሊካ መጣ።

«ሐፍሳስ?»

«አልመጣችም።»

«ለምን? ክፍሉ እኮ…»

«ማክሰኞ ነገርሁህ።»

ቡርሀን ቆመ። የሆነ ነገር ፊቱ ላይ መጣ፤ ሰው በኪሱ የነበረውን ሲያጣ እንደሚሆነው። «እንግዲያው የሚቀጥለው ሐሙስ ትመጣለች» አለ።

«የሚቀጥለው ሐሙስ ትወልዳለች፣ ቡርሀን።»

አፉን ከፈተ። «ጋሽ ቡርሀን!» ብሎ ዳኘው ተጣራ። «ጫፉን ሲያጎብጡት ሊቀርጹት ነው፣ ይምጡልን!» ቡርሀን ወደ ድምፁ ዞረ፣ ወደ እሷም ዞረ። «መጣሁ፣ አንድ ጊዜ ቆዪኝ» አላትና ሄደ።

እሷ ወደ ቤት ወጣች። የአጥሚቱን ዱቄት፣ ትንሽ ቅቤ፣ ለሕፃኑ ያዘጋጀቻቸውን ጨርቆች በአንድ ዘንቢል አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተመለሰች። ወደ ጀልባው የሚወስደው መንገድ በታንኳውና በሰዎቹ መካከል ነበር የሚያልፈው። መሀል ላይ ስትደርስ ካሜራ የያዘች አንዲት ሴት እጇን አወዛወዘች።

«እናት፣ ትንሽ ወደዚያ ይበሉልን፣ ፎቶው ውስጥ ገብተዋል።»

«ይቅርታ» አለች ዘሊካ፤ በድንኳኑ ጀርባ ዞረች።

አካሉ የሚባለው የጀልባው ነጂ ዘንቢሉን ተቀብሎ በሽንኩርት ጆንያዎቹ ላይ አስቀመጠላት። መሀል እንድትቀመጥ ነገራት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይኖራል። ሁለት ነጋዴዎችና ፍየል የያዙ አንድ አዛውንት ገቡ። ከዳርቻው ጭብጨባ ተሰማ፤ የታንኳው ጫፍ ጎብጦ ሳይሆን አልቀረም። ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። አዛውንቱ ፍየላቸውን በጉልበታቸው መሀል ይዘው፣ ቁንዝላ ዘመድ አላት ወይ ብለው ጠየቋት፤ ልጄ አለችኝ አለቻቸው፤ ጀልባውም ፊቱን ወደ ዘጌ ጫፍ አዞረ።